የአጋዘን ሥጋ ለምን ደረቀብኝ? ጠረኑስ ከየት መጣ?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። በዚህ የአደን ወቅት የመጀመሪያ አጋዘኔን ጣልኩ። የመታሁት ጠዋት ነው። ሆዱን የከፈትኩት ግን ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው፤ 3 ሰዓት ገደማ አልፎት ነበር። ቀኑ በጣም ይበርድ ነበር። ጥይቱ ያረፈው የፊት እግሩ ላይ ስለሆነ የቆሰለውን ክፍል በውሃ አጥቤ ተጠቀምኩበት። የዚያኑ ዕለት ማታ ከወርቹ ቆርጬ ጠበስኩ፤ ጥርስ አልበግር አለ። በማግስቱ ከጀርባውና ከታፋው ወስጄ በድስት 2 ሰዓት አበሰልኩ፤ መረቅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ደረቀ። ጠረኑ ቤቱን ሞላው፤ ልጆቼ አንበላም አሉ። የቀረውን ያን ቀን ማታ ፍሪዘር ውስጥ ከትቼዋለሁ። አንዱ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ይለኛል፣ ሌላው ወተት ይለኛል። ምን ላድርግ? ቀላ እንዳለ መብላትስ ይቻላል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሰዓቱን፣ ብልቱንና አበሳሰሉን ለይተህ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «የአጋዘን ሥጋ አይጣፍጥም» ብሎ ብቻ ያልፈዋል። አንተ ግን ከጥያቄው ጋር መልሱንም ልከህልኛል።

ሥጋ መበለትና ማብሰል ሥራዬ ነው። ከሁሉም ደግሞ የአደን ሥጋ እወዳለሁ። አንድ እንስሳ ተገድሎ ሥጋው «አይበላም» ተብሎ ሲጣል ከልቤ ያመኛል። ያንተ ግን አብዛኛው ይተርፋል፤ አይዞህ።

ዋናውን ነገር ልንገርህ። መጠበስ የነበረበትን ጀርባ በድስት አበሰልከው። በድስት መብሰል የነበረበትን ወርች ጠበስከው። እሱንም የጠበስከው ሥጋው እጅግ በተገተረበት ሰዓት ነው። ጠረኑ ደግሞ ኩሽና ከመግባቱ በፊት የመጣ ነው። ኮምጣጤም ወተትም እነዚህን አይፈታቸውም።

ከድርቀቱ ልጀምር። የአጋዘን ጡንቻ በመሀሉ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። የሰባ ከብት ሥጋ ውስጥ በክሮቹ መሀል የተበተነ ነጭ ስብ አለ። ሲበስል ይቀልጣል። እሳት ላይ ትንሽ ብታቆየው እንኳ ያ ስብ አፍ ውስጥ ያርሰዋል። አጋዘን ግን ስቡን የሚያከማቸው ከቆዳው ሥርና በሆድ ዕቃው ዙሪያ ነው። ስለዚህ ለከብት ሥጋ ምንም የማይመስሉ ጥቂት ደቂቃዎች የአጋዘንን ሥጋ ያደርቁታል።

ሥጋ ሲሞቅ ክሮቹ ይኮማተራሉ። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ መኮማተሩ ይበረታና በውስጡ ያለውን ውሃ ይጨምቀዋል። ይህ በመጥበሻም፣ በኦቨንም፣ በድስትም ያው ነው። «ውሃ ውስጥ እየበሰለ እንዴት ይደርቃል?» ብለህ ተገርመህ ይሆናል። ይደርቃል። አንዴ ከክሩ የተጨመቀ ውሃ ተመልሶ አይገባም፤ በዙሪያው ያለው መረቅም ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ታዲያ ቀስ ብሎ የበሰለ ቅልጥም ለምን ለስልሶ ይወጣል? ምክንያቱ ኮላጅን ነው። እንስሳው ሲራመድና ሲሮጥ ብዙ የሚሠሩት ብልቶች፣ ማለትም አንገት፣ ወርችና ቅልጥም፣ ክሮቻቸውን አስሮ የሚይዝ ብዙ ኮላጅን አላቸው። ኮላጅን ከ70 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይቀየራል። ክሩ ውሃውን ቢያጣም ጄላቲኑ ስለሚሸፍነው አፍ ውስጥ ለስላሳና እርጥብ ይመስላል። የጀርባ ሥጋ ግን ኮላጅኑ በጣም ትንሽ ነው። 2 ሰዓት ብታበስለው ወደ ጄላቲን የሚቀየር ነገር ስለሌለው የሚቀርህ ደረቅ ክር ብቻ ነው። ማታ የጠበስከው ወርች ደግሞ ኮላጅን ሞልቶት፣ ለመቅለጥ ጊዜ ሳያገኝ ነው ሳህንህ ላይ የደረሰው።

አሁን ወደዚያ ማታ ልመለስ፤ ብዙ አዳኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰው ባደነበት ቀን መብላት ይፈልጋል። ደስታው ይገባኛል። ነገር ግን እንስሳ ከሞተ በኋላ ጡንቻው የቀረውን ጉልበት እየተጠቀመ ላክቲክ አሲድ ያመነጫል። ጉልበቱ ሲያልቅ ክሮቹ እርስ በርስ እንደተቆላለፉ ይቀራሉ። ያኔ ሥጋው ይገተራል። ይህ ከሞተ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምራል። እስኪላላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይወስዳል። ጠዋት ተመትቶ ማታ መጥበሻ ላይ የወጣ ሥጋ ከየትኛውም ብልት ቢሆን ይጠነክራል። በዚያን ቀን መብላት ካማረህ ልቡን ብላ። ልቡን ሰንጥቀህ፣ ደሙን አጥበህ፣ ጅማቱን አንስተህ፣ በስሱ ቆርጠህ በኃይለኛ እሳት አብስለው። ከሌላው ሥጋ ይልቅ ለዚያ ቀን የሚሆነው እሱ ነው።

ሥጋው ከላላ በኋላ የራሱ ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ ይቆራርጡታል። በ0 እና በ4 ዲግሪ መካከል ከቆየ በየቀኑ ይለሰልሳል። ለወጣት እንስሳ 3 ወይም 4 ቀን ይበቃል። ለትልቅ ወንድ ግን አንድ ሳምንት፣ ቅዝቃዜውን በደንብ መቆጣጠር ከቻልክ እስከ 14 ቀን ማቆየት ይቻላል። ቅዝቃዜው በቴርሞሜትር የተረጋገጠ መሆን አለበት። «ውጭው ይበርዳል» ብሎ ጋራዥ ውስጥ ሰቅሎ መተው አይሆንም፤ ቀን ቀን ፀሐይ ሲወጣ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ያልፋል።

ያንተ በሁለተኛው ቀን ማታ ፍሪዘር ስለገባ በደንብ ለመለስለስ ጊዜ አላገኘም። ግን ይህ ይስተካከላል። ቀዝቅዞ ከነበረበት ሲወጣ ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለጥብስ የምትፈልገውን ከፍሪዘር አውጥተህ ፍሪጁ ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጎድጎድ ያለ ሳህን ላይ አድርገው። በቀስታ ይቅለጥ። ከቀለጠ በኋላ 2 ወይም 3 ቀን እዚያው አቆየው። ጠረጴዛ ላይ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ አታቅልጠው፤ ውስጡ በረዶ ሆኖ ሳለ ውጩ ለባክቴሪያ ይመቻል።

ወደ ጠረኑ እንምጣ። «የአውሬ ሥጋ ስለሆነ አውሬ አውሬ ይሸታል» የሚለውን አልቀበልም። በትክክል የተያዘ የአጋዘን ሥጋ ደስ የሚል፣ ጠንከር ያለ፣ ንጹህ ጣዕም አለው። መጥፎው ጠረን በብዛት የሚመጣው ከአያያዝ ነው።

አንደኛው ምክንያት ሙቀት ነው። አጋዘን ሲሞት የሰውነቱ ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ነው። ወፍራም ፀጉርና ቆዳ ለብሷል። ጨጓራው ውስጥ ያለው ፈርስ ከሞተም በኋላ መብላላቱን ይቀጥላል፤ ሙቀትም ጋዝም ይፈጥራል። ስለዚህ ውጭው ቢበርድም ውስጡ ለብዙ ሰዓት አይቀዘቅዝም። በተለይ በዳሌው መገጣጠሚያ ዙሪያ፣ ሥጋው ወፍራም በሆነበት ቦታ፣ አጥንቱ አጠገብ መኮምጠጥ ይጀምራል። ሆዱ እዚያው በወደቀበት፣ በተቻለ ፍጥነት መከፈት አለበት። ያንተ 3 ሰዓት ብዙ ነው። ብርዱ ረድቶሃል፤ ሞቃት ቀን ቢሆን ኖሮ ጣለው እልህ ነበር።

ሁለተኛው ስቡ ነው። የአጋዘን ስብ ከከብት ስብ የበለጠ ጠጣር ነው። አፍ ውስጥ ቶሎ ስለማይቀልጥ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ጠንካራው ጣዕምም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለ ይበላሻል። የከብት ስብ ጣዕም ይጨምራል ብለን እንተወዋለን፤ የአጋዘንን ግን ነጭ የሆነውን ሁሉ፣ ሳታዝን፣ በቢላ አንሳው። ምግቡንም ትኩሱን አቅርበው።

ሦስተኛው መነካካት ነው። አጋዘን በኋላ እግሮቹ መታጠፊያ፣ በውስጥ በኩል፣ ጸጉራም ጉብታ የሚመስል እጢ አለው። በወንዱ ላይ፣ በተለይ በመራቢያ ወቅት፣ ጠረኑ ኃይለኛ ነው። እሱን የነካ እጅ ወይም ቢላ ሥጋውን ከነካ ጠረኑ ይተላለፋል። የተበሳ ጨጓራ፣ የፈሰሰ ፊኛ፣ ከቆዳው የረገፈ ፀጉርም እንዲሁ። ሌላም አለ። ቆስሎ ለረጅም ጊዜ የሮጠ እንስሳ በጡንቻው ያለውን ጉልበት ስለሚጨርስ በቂ አሲድ አያመነጭም። ሥጋው ጠቆር ያለና የሚያጣብቅ ይሆናል፤ ቶሎም ይበላሻል።

አሁን ያለህን እንዴት ትለያለህ? ከታፋው፣ ከዳሌው አጥንት አጠገብ የተቆረጠውን አንድ ጥቅል አቅልጥ። አጥንቱን አስጠግተህ ቁረጠውና አሽትተው። ኮምጣጣ ወይም የበሰበሰ ሽታ ካለው፣ አረንጓዴ ቀለም ካየህበት ወይም ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ከዚያ አካባቢ ያለውን ሁሉ ጣለው። ማጠብም ማብሰልም አያድነውም። ንጹህ ከሆነ ግን ሌላውም ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሽታ ሁሉን ነገር እንደማይነግርህ ግን አትርሳ፤ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ አይሸቱም። ስለዚህ የዚህን አጋዘን ሥጋ በደንብ አብስለህ ብላ።

የቆሰለውን ወርች አጥበህ መጠቀምህ አሳስቦኛል። ጥይትህ እርሳስ ያለበት ከነበረ አጥንት ሲመታ ይበታተናል። ከተበታተኑት ቅንጣቶች አብዛኞቹ በዓይን አይታዩም፣ በጥርስም አይታወቁም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በሞቱ በጎች ላይ ተኩሶ ሞክሮት ነበር። ጥይቱ ከወጣበት ቁስል 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው የተገኙ ቅንጣቶች ነበሩ። በውሃ ማጠብ ደግሞ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ቢቀንስም ወደ ሌላው ሥጋ ያሰራጨዋል። እርሳስ ለማንም አይጠቅምም፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ግን ጉዳቱ የከፋ ነው። እርሳስ በማብሰልም በመዘፍዘፍም አይጠፋም። ስለዚህ ከተመታው ወርች የቀረህ ካለ ለልጆችህ አትስጥ። እኔ ብሆን በሙሉ እጥለው ነበር። ከቁስሉ ዙሪያ ደም የቋጠረውን፣ አልፎም ደህና የሚመስለውን ሥጋ በሰፊው ቆርጦ መጣል እንጂ ማጠብ ልማድህ አይሁን። ለሚቀጥለው ወቅት የመዳብ ጥይት ተጠቀም፤ እንደ እርሳሱ አይበታተንም።

ኮምጣጤውስ? አሲድ ወደ ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ካቆየኸው የላዩን ሥጋ ያላሽቀዋል፣ ቀለሙን ያግራጫል፣ ውስጡ ግን እንደነበረ ይቆያል። ወተት አይጎዳም፣ ግን ብዙም አይፈይድም። «ደሙን ይመጥጣል» የሚሉት ልክ አይደለም፤ ከሥጋው የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ በአብዛኛው ማዮግሎቢን የተባለ የጡንቻ ፕሮቲን የያዘ ውሃ ነው። በእርግጥ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጨው ነው። ለ1 ኪሎ ሥጋ ከ10 እስከ 12 ግራም ጨው ነስንሰህ፣ ሳትሸፍነው፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው። ጨዉ ገብቶ ክሮቹ ውሃቸውን እንዲይዙ ያደርጋል። ላዩም ስለሚደርቅ መጥበሻ ላይ ጥሩ ቡናማ ቀለም ይይዝልሃል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠል፣ የምትወደውን ሁሉ መጨመር ትችላለህ። ግን ያ ለጣዕም ነው፤ ለማለስለስ አትጠብቀው።

እንግዲህ ወደ ምድጃው።

ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚተኛውን ረጅም ሥጋና ከውስጥ በኩል ያለውን ትንሹን ፊሌቶ ለይተህ ለጥብስ አስቀምጥ። በጀርባው ሥጋ ላይ ብርማ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ታያለህ። እሱ እንደ ኮላጅኑ አይቀልጥም። እሳት ሲነካው ተኮማትሮ ቁራጩን ያጣምመዋል፤ ስታኝከውም አይበጠስም። ቀጭን ቢላ ከሽፋኑ ሥር አስገብተህ፣ ስለቱን ትንሽ ወደ ላይ አዘንብለህ፣ እየጎተትክ ግፈፈው። ይህን ሥራ አትዝለለው። የአጋዘን ሥጋ ማሰናዳት ግማሹ ሥጋ ማጽዳት ነው።

ሥጋውን 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ቁረጥ። ቀጭን ከቆረጥከው ላዩ ቡናማ ሳይሆን ውስጡ ያልቃል። በወረቀት አድርቀው። ከባድ መጥበሻ በደንብ አግል፤ ዘይት ጨምር። ቁራጮቹን አታጨናንቃቸው፤ ከተጨናነቁ ውሃ ያወጡና ይቀቀላሉ። በእያንዳንዱ ጎን 2 ወይም 3 ደቂቃ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ቅቤ ጣል አድርገህ በማንኪያ እየቀዳህ አልብሰው፤ ሥጋው የጎደለው ስብ ስለሆነ ቅቤው ቦታው ነው። ከዚያ አውጥተህ ቢያንስ 5 ደቂቃ አሳርፈው።

ስለ ደቂቃው ብዙ አትጨነቅ። መርፌ ያለው የሥጋ ቴርሞሜትር ግዛ። ለአጋዘን ሥጋ ከእሱ የሚበልጥ ዕቃ የለም። ቀለም ያታልላል፤ የአጋዘን ሥጋ በማዮግሎቢን የበለጸገ ስለሆነ በስሎም ጠቆር ያለ ቀይ ሊመስል ይችላል።

ታፋው መሀል ላይ ነው። ትልቅ ነው፤ ግን አንድ ሥጋ አይደለም። በስስ ሽፋን የተለያዩ ብዙ ጡንቻዎች ናቸው። አብዛኛው ሰው እንደ ዳቦ ከላይ እስከ ታች ይቆርጠዋል፤ በአንድ ቁራጭ ላይ አራት ዓይነት ሥጋ በአራት አቅጣጫ ይገኛል። እንደዚያ አታድርግ። በጣትህ ሽፋኖቹን እየተከተልክ ለያያቸው፤ በቀላሉ ይላቀቃሉ። ትልልቆቹን ለስላሳ ጡንቻዎች ሳትቆራርጥ፣ በጨው አሳድረህ፣ በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ በቀስታ አብስላቸው። የምትፈልገው ሙቀት ሲቃረብ አውጥተህ በጋለ መጥበሻ ላዩን ለአንድ ለሁለት ደቂቃ አቡነው። አሳርፈህ ከክሩ አቅጣጫ በተቃራኒ በስሱ ቁረጥ። ክሩን ተከትለህ ከቆረጥከው የምታኝከው ረጅም ክር ነው፤ አቋርጠህ ከቆረጥከው አጭር ይሆናል። በዚህ ብቻ አንዱ ሥጋ ጠንካራም ለስላሳም ሊመስል ይችላል። ትንንሾቹንና ጅማታሞቹን የታፋ ክፍሎች ለድስት ወይም ለተፈጨ ሥጋ አቆያቸው።

አንገት፣ ጤነኛው ወርችና ቅልጥም የድስት ናቸው። እኔ ከአጋዘን ሁሉ የምመርጠው እነዚህን ነው፤ ከጀርባው ይልቅ ጣዕም አላቸው። ተለቅ ተለቅ አድርገህ ቁረጣቸው። በመጀመሪያ በትንሽ በትንሹ እያደረግክ በዘይት አቡናቸው። አውጥተህ በዚያው ድስት ሽንኩርትና ካሮት አቁላላ፤ ቲማቲም ድልህ ጨምር። ድስቱ ሥር የተጣበቀውን በቀይ ወይን ወይም በመረቅ አላቅቀው። ሥጋውን መልሰህ ፈሳሹ ግማሹን ወይም ሁለት ሦስተኛውን እንዲሸፍነው አድርግ። ክዳኑን ገጥመህ በ150 ዲግሪ ኦቨን ወይም በጣም ዝቅ ባለ እሳት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተወው። እየተንተከተከ ከፈላ እሳቱ በዝቷል፤ አንድ ሁለት አረፋ ብቅ ብቅ ሲል ልኩ ያ ነው። ሰዓት አትቁጠር፤ ሹካ ስትወጋው ያለ ትግል ሲገባና ሥጋው ሲላቀቅ ደርሷል። በ2 ሰዓት ጠንካራ ከሆነ «ተበላሸ» አትበል፤ ገና ነው። አሳድረኸው በማግስቱ ብታሞቀው ደግሞ ጄላቲኑ ከመረቁ ጋር ይዋሃዳል፤ ይበልጥ ይጣፍጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ማንሳትም ይቀላል።

የተፈጨውን በተመለከተ፣ ብቻውን ከተፈጨ ይፈረካከሳል፣ ይደርቃልም። ከ10 እስከ 20 በመቶ የከብት ወይም የበግ ስብ ቀላቅልበት። ሲፈጭ ሥጋውም መፍጫውም ቀዝቃዛ ይሁን። ከቁስሉ አካባቢ ያለ ሥጋ ግን በፍጹም መፍጫ ውስጥ አታስገባ፤ አንድ ቁራጭ እርሳሱን ለሁሉም ያዳርሳል።

ቀላ እንዳለ ስለመብላት ላንሳ። ያልተወጋና ያልተቆራረጠ ንጹህ ጡንቻ ባክቴሪያ የሚኖረው በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው። ለዚህ ነው ብዙ አብሳዮች የጀርባውን ሥጋ ከ54 እስከ 57 ዲግሪ ላይ የሚያቆሙት፤ ጣዕሙም ልስላሴውም እዚያ ላይ የተሻለ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣናት ግን ለሙሉ ሥጋ የሚመክሩት 63 ዲግሪና የ3 ደቂቃ ማረፊያ ነው፤ ለተፈጨ 71 ዲግሪ ነው። ያንተ አጋዘን ሆዱ ዘግይቶ ስለተከፈተ 63ቱን ጠብቅ። ልጆች፣ ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ የማንኛውንም አጋዘን ሥጋ ከዚያ በታች አይብሉ። ምክንያቱ ባክቴሪያ ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ በጡንቻው ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በተለይ ለፅንስ አደገኛ ነው። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለብዙ ቀናት ማቆየት ይህን ጥገኛ በእጅጉ ይቀንሳል። ባክቴሪያን ግን ፍሪዘር አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። 63 ዲግሪም ቢሆን ሥጋው አይበላሽም። በጨው ካደረና በቅቤ ከጠበስከው መሀሉ ሐመር ሮዝ ሆኖ፣ ጭማቂው እንዳለ ይበላል። ከ70 በላይ ስታሳልፈው ነው የሚያስቸግርህ።

ቋንጣ ለማድረግ ካሰብክ ጥንቃቄ አድርግ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ቤት ውስጥ ከተዘጋጀ የአጋዘን ቋንጣ 11 ሰዎች ኢ. ኮላይ ኦ157 በተባለው ባክቴሪያ ታመው ነበር። ማድረቂያው ለብ ያለ ሙቀት ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ባክቴሪያው አልሞተም። ስለዚህ ቋንጣውን ከማድረቅህ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቀው፤ ከዚያ አድርቀው። ሥጋው ከደረቀ በኋላ ብቻ ማሞቅ ያን ያህል አይሠራም፤ ባክቴሪያው ሲደርቅ ሙቀት ይቋቋማል።

አንድ ሌላ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ትክክል አይሆንም። አጋዘኖችን እያመነመነ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ታየ፤ በ2016 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ሬንዲር በሚባል የዱር አጋዘን ዓይነት ላይ ተገኘ። መነሻው ፕሪዮን የተባለ የተዛባ ፕሮቲን ነው፤ በምንም ዓይነት ማብሰል አይጠፋም። ወደ ሰው መተላለፉ የተረጋገጠበት አንድም ጊዜ የለም። ቢሆንም የታመመ እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ። በሽታው ባለበት አካባቢ ካደንክ ናሙና ሰጥተህ አስመርምር፤ ውጤቱ እስኪመጣ ጥቅሎቹን ምልክት አድርገህ አቆያቸው። አጥንቱን በመጋዝ አትቁረጥ፤ ሥጋውን ከአጥንቱ ግፈፈው። አንጎል፣ የአከርካሪ ውስጡን፣ ዓይን፣ ጣፊያና እጢዎችን አትብላ። ከአከርካሪው አጥንትም መረቅ አታውጣ።

ፍሪዘርህ ውስጥ ያለውን ስለማቆየት፣ አየር ጠላቱ ነው። በላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ጠቅልለህ በወረቀት ደግመው፣ ወይም አየር በሚመጥ ማሽን አሽገው። ሙሉ ሥጋው ከ9 እስከ 12 ወር ጣዕሙን ይይዛል። የተፈጨው 3 ወይም 4 ወር። በየጥቅሉ ላይ ብልቱንና ቀኑን ጻፍ። ያንተ ችግር አንዱ ይኼ ይመስለኛል፤ «ሥጋ» ብቻ ተብሎ የተጠቀለለ ነገር ድስት ይግባ መጥበሻ አይታወቅም።

በየትኛው ልጀምር ካልከኝ፣ ሽታውን ከፈተሽክ በኋላ በአንገቱ ጀምር። ስቡን አንሳለት፣ 4 ሰዓት ስጠው፣ አሳድረህ ስቡን ግፈፍና ለልጆችህ ፈረካክሰህ ከመረቁ ጋር አቅርብላቸው። ጀርባውን ለሁለተኛው ሳምንት አቆየው፤ እስከዚያው ቴርሞሜትሩን ግዛ።